ቤቱን ይዞ የሚጓዝ ሰው ሞተር ብስክሌቱን እንዴት ይጫን?

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው ማደሪያና ስንቅ ነው። በቀድሞ ዘመን የአገራችን መንገደኛ ድንኳኑን፣ ስንቁንና ምንጣፉን በአጋሰስ ጭኖ ይጓዝ ነበር፤ ውሃ ካለበት ሲደርስም ጭነቱን አራግፎ፣ ድንኳኑን ተክሎ ያድር ነበር። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ይህን በሚመስል አኳኋን ማደሪያቸውን ይዘው ይጓዛሉ። አጋሰሳቸው ግን መኪና ነው፤ ድንኳናቸውም አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና መታጠቢያ ያለው ሙሉ ቤት ነው።

ይህ ተጓዥ ቤት በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው ሞተሩና ቤቱ በአንድ ሻንሲ ላይ የተሠሩ ሲሆን በዚህ ጽሑፍ «ቤት አዘል መኪና» እንለዋለን። ሁለተኛው የራሱ ሞተር የሌለው፣ በሌላ መኪና የሚጎተት ቤት ነው፤ እርሱም «ካራቫን» ይባላል።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ ነው አይባልም። ዋሊ ባያም የተባለው የታወቀ አሜሪካዊ የካራቫን አምራች እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. 41 ካራቫኖች ያሉት ጓድ መርቶ ከደቡብ አፍሪካ ከተማ ከኬፕታውን ተነሣ። እነዚያ በአሉሚኒየም የተለበጡ፣ በፀሐይ የሚያብለጨልጩ ቤቶች በኢትዮጵያ በኩል ሲያልፉ፣ መንገደኞቹ በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘንድ አቀባበል ተደርጎላቸዋል። ጉዟቸውንም እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ፈጽመዋል።

ይሁን እንጂ ቤትን ይዞ መጓዝ የራሱ የሆነ ችግር አለው። ብዙዎቹ ቤት አዘል መኪናዎች ከ6 ሜትር ይረዝማሉ፤ በአሜሪካ የሚሠሩት ትልልቆቹ ደግሞ ከ12 ሜትር የሚያልፉ አሉ። ቤተሰቡ በአንድ ስፍራ ሰፍሮ፣ ውሃውንና ኤሌክትሪኩን አገናኝቶ፣ ሳህኑን ደርድሮ ከተቀመጠ በኋላ ዳቦ ለመግዛት ወይም መድኃኒት ለማምጣት ሲያስፈልግ፣ ያን ሁሉ ነቅሎ በጠባብ የከተማ መንገድ መግባት ይሆንበታል። እንግዲህ ሞተር ብስክሌት አብሮ የመያዝ ሐሳብ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ቤቱ በሰፈረበት ይቀራል፤ አባት ወይም እናት በሞተር ብስክሌት ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ፤ መኪና የማይገባበትንም ገጠር ያያሉ።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ሞተር ብስክሌት ከ100 እስከ 400 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ስለሆነ፣ እንደ ሻንጣ ከኋላ አንጠልጥለውት የሚሄዱት ዕቃ አይደለም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥ መኪና ላይ ቢወድቅ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ከኋላ በሚመጣው ቤተሰብ ላይ ነው። ባይወድቅ እንኳ በማይገባው ቦታ ከተጫነ፣ መኪናው መሪና ፍሬን እንዳይታዘዝ ያደርጋል። ስለዚህ ከልምድና ከመኪና አሠራር ትምህርት የሚገኘውን ምክር ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ክብደትን አስቀድሞ ስለ ማወቅ

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን መሸከሚያ ልግዛ?» ብሎ ነው። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ግን «መኪናዬ ከቤተሰቤና ከጓዜ ሌላ ስንት ኪሎ ግራም ሊሸከም ይችላል?» የሚለው ነው።

ማንኛውም መኪና ሲሠራ ፋብሪካው የወሰነለት የመጨረሻ ክብደት አለው። ይህ ቁጥር በበሩ አጠገብ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሰሌዳው ከጠቅላላው ክብደት ሌላ የፊት ጎማዎች ብቻቸውን፣ የኋላ ጎማዎችም ብቻቸውን የሚሸከሙትን ልክ ለይቶ ያሳያል። ከእነዚህ ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱን እንኳ መተላለፍ አይገባም። ጠቅላላው ክብደት ከልኩ ሳያልፍ የኋላው ጎማ ብቻ ሊያልፍ ይችላልና፣ ይህን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የሞተር ብስክሌቶችም ክብደት እጅግ የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. መሠራት የጀመረው የሆንዳ ሱፐር ከብ፣ ከዘሩ ከ100 ሚሊዮን በላይ የተሠራ ትንሽ ሞተር ብስክሌት ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራው የ125 ሲሲ ዓይነት 110 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በኢጣልያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቬስፓ በትንንሾቹ ዓይነቶች 130 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ለረጅም ጉዞ የሚሠራው የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ግን ከ360 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። እንግዲህ «ሞተር ብስክሌት» የሚለው አንዱ ቃል ከሦስት እጥፍ በላይ የሚለያዩ ጭነቶችን ይሸፍናል ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአውሮፓ የሚነዱት ብዙዎቹ ቤት አዘል መኪናዎች በ3500 ኪሎ ግራም የመጨረሻ ክብደት የተመዘገቡ ናቸው። አንዱ መኪና ነጂው ተቀምጦበት፣ ነዳጅ ተሞልቶለት 3000 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። የሚተርፈው 500 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ላይ ሚስትና ሁለት ልጆች 150፣ ስንቅ፣ ልብስ፣ ምኝታና የወጥ ቤት ዕቃ 150፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና የጥላ ድንኳን 80 ይወስዳሉ። የቀረው 120 ኪሎ ግራም ይሆናል። መሸከሚያው ብረት 30፣ ትንሹ ሞተር ብስክሌት 110 ቢሆን ድምሩ 140 ነው። ከሁሉ ያነሰው ሞተር ብስክሌት ተመርጦ እንኳ መኪናው ከልኩ በ20 ኪሎ ግራም አለፈ ማለት ነው። ይህ ቤተሰብ አንዳች ትርፍ ነገር የጫነ አይመስለውም፤ ሆኖም ከሕግም ከጥንቃቄም ውጭ ሆኖ ይሄዳል።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ በውሃው ላይ ይገኛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ነው። በመንገድ ላይ የማያስፈልገውን ውሃ ከመነሻ ተሸክሞ ከመሄድ ይልቅ፣ ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ የሚበቃውን ብቻ ይዞ ቀሪውን ከሰፈሩበት ቦታ መቅዳት ብዙ ኪሎ ግራም ያተርፋል። ከዚህም ሌላ ለአንድ ቀን አገልግሎት የማይሰጠውን ጓዝ ሁሉ እቤት መተው ነው። የቤት እመቤቶች ይህን ከወንዶች ይልቅ ፈጥነው እንደሚያውቁት እንገምታለን፤ ጓዳው ውስጥ ምን እንዳለና ምን ያህል ጊዜ እንደሚነካ የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና።

ሒሳቡ በወረቀት ላይ ከተሠራ በኋላ ደግሞ በሚዛን መረጋገጥ አለበት። ቤተሰቡ ሁሉ ተሳፍሮ፣ ጓዙና ሞተር ብስክሌቱ ተጭኖ፣ መኪናው በካሚዮን ሚዛን ላይ ይውጣ። በአሜሪካ አገር በትልልቅ የካሚዮን ማረፊያዎች የፊቱንና የኋላውን ጎማ ክብደት ለየብቻ የሚያሳይ ሚዛን በትንሽ ክፍያ ይገኛል። ግምት ብዙ ጊዜ ያታልላል፤ ሚዛን ግን ለማንም አያደላም።

የኋላ ጭነት የፊቱን ጎማ እንደሚያቀልል

በቅሎ የጫነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ጭነቱ ወደ ኋላ የተንሸራተተ እንደሆነ በቅሎዪቱ አረማመዷ ይበላሻል፤ ጫኙም ፈጥኖ አቁሞ ጠፍሩን ያጠብቃል። መኪናም እንደዚሁ ነው።

ከኋላ ጎማ ወዲያ ተርፎ የወጣ ጭነት እንደ ማንሻ ዘንግ ይሠራል። የኋላው ጎማ መደገፊያ ይሆንና ጭነቱ ከኋላ ሲጫን ፊቱ ሊነሣ ይቃጣል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር ነው እንበል። 140 ኪሎ ግራም የሆነው ጭነታችን ደግሞ ከኋላው ጎማ 2 ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ርቆ ተቀምጧል። 140 በ2.5 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 87.5 ይሆናል። ይህም ከፊት ጎማዎች ላይ የተነሣው ክብደት ነው። የኋላ ጎማዎች ላይ የተጨመረው ግን 140 ብቻ አይደለም፤ ያ 87.5 ተደምሮበት 227.5 ኪሎ ግራም ይሆናል።

መሪው የሚያዘው የፊቱን ጎማ ነው። በአውሮፓ ብዙ ቤት አዘል መኪናዎች የሚሠሩበት የፊያት ዱካቶ ሻንሲ ደግሞ የሞተሩ ኃይል የሚደርሰው ለፊቱ ጎማ ነው። እንግዲህ ፊቱ ሲቀል በእርጥብ መንገድ ላይ መሪው ይሰንፋል፤ በዳገት ላይም ጎማው መሬት ሳይቆነጥጥ ይሽከረከራል። ነጂው ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ዝናብ በዘነበበት መታጠፊያ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ማወቁ አይጠቅመውም።

ሦስቱ የአጫጫን መንገዶች

ሞተር ብስክሌትን ከተጓዥ ቤት ጋራ ለመውሰድ በሥራ ላይ የዋሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚስማማው ባለቤት አለው።

የመጀመሪያው በመኪናው ኋላ የሚታሰር የብረት መሸከሚያ ነው። ዋጋው አነስተኛ፣ አያያዙም ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይመርጠዋል፤ ከላይ የተናገርነው የማንሻ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታውም በዚህ ላይ ነው። መሸከሚያው ራሱ፣ የተሰካበት ጋንቾ፣ ጋንቾው የታሰረበት ሻንሲና የኋላ ጎማዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ልክ አላቸው። ከእነዚህ ሁሉ ልክ ሆኖ የሚያገለግለው ከሁሉ የሚያንሰው ቁጥር ነው። በተለይ የቤቱ ሠሪ ቤቱን ለማስረዘም ከፋብሪካው ሻንሲ ኋላ ተጨማሪ ብረት የቀጠለ እንደሆነ፣ ጋንቾው ላይ የተጻፈው ቁጥር ትልቅ ቢሆንም ቅጥሉ ብረት ያን ያህል ላይችል ይችላል። ለተራ ብስክሌት የተሠራው የግድግዳ መሸከሚያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ግራም ብቻ የሚችል ስለሆነ ሞተር ብስክሌት በጭራሽ አይጫንበትም።

መሸከሚያውን የሚጠቀም ሰው ሦስት ትንንሽ ነገሮችንም ማየት አለበት። የመኪናው የጭስ መውጫ በሞተር ብስክሌቱ ጎማ አቅጣጫ ቢሆን ትኩሳቱ ጎማውን ያበላሻል። የተጫነው ሞተር ብስክሌት የፍሬን መብራቱን፣ ፍሬቻውንና ታርጋውን የጋረደ እንደሆነ በመሸከሚያው ላይ ሌላ መብራትና ታርጋ መደረግ አለበት። በኢጣልያና በእስፓኝ አገር ደግሞ ከመኪናው ኋላ ተርፎ ለሚወጣ ጭነት ቀይና ነጭ መስመር ያለው፣ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንጸባራቂ ሰሌዳ ማንጠልጠል በሕግ የታዘዘ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በቤቱ ውስጥ በተሠራ ጓዳ መጫን ነው። የአውሮፓ ቤት አዘል መኪናዎች ብዙ ጊዜ ከኋላኛው አልጋ ሥር በጎን የሚከፈት ጓዳ አላቸው። የወለሉ ልክ በአንዳንዶቹ 150፣ በሌሎቹ 250 ኪሎ ግራም ስለሆነ ለቬስፓና ለመሰሉት ይበቃል። በአሜሪካ ደግሞ የኋላ ግድግዳቸው ወደ መሬት ተዘርግቶ መወጣጫ የሚሆንላቸው፣ ሁለትና ሦስት ሞተር ብስክሌት የሚይዝ ክፍል ያላቸው ካራቫኖች ይሠራሉ። በዚህ መንገድ ሞተር ብስክሌቱ ከዝናብ፣ ከአቧራና ከሌባ ይጠበቃል። በአንጻሩ ግን ሰው ከሚተኛበት ጣራ ሥር ቤንዚን ይገባል፤ ስለዚህ ጉዳይ በኋላ እንናገራለን።

ሦስተኛው መንገድ ተሳቢ ነው። ሞተር ብስክሌቱ የራሱ ጎማ ባለው ተሳቢ ላይ ሲጫን አብዛኛው ክብደት በተሳቢው ጎማ ላይ ያርፋል፤ የቤቱ ኋላም እንደ መሸከሚያው አይጎበጥም። ከባድ ሞተር ብስክሌት ወይም ሁለት ሞተር ብስክሌት ላለው ቤተሰብ ይህ ከሁሉ የተሻለ ነው። ዋጋው ግን ርዝመት ነው፤ መታጠፍ፣ ወደ ኋላ መመለስና ማቆሚያ ማግኘት ያስቸግራል። የመንጃ ፈቃዱ ዓይነትና የሚፈቀደው ፍጥነትም እንደየአገሩ ሕግ ሊለወጥ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በተሳቢ ላይ ዋናው ጥበብ ክብደቱን ማመዛዘን ነው። በአሜሪካ የተለመደው ደንብ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በአንገቱ በኩል በጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ያዝዛል። ተሳቢው ከነጭነቱ 600 ኪሎ ግራም ቢሆን በጋንቾው ላይ የሚያርፈው ከ60 እስከ 90 ኪሎ ግራም ነው። ሞተር ብስክሌቱ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ የተጫነ እንደሆነ አንገቱ ይቀልና ተሳቢው እንደ እባብ ጅራት ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። ከመጠን በላይ ወደ ፊት የተጫነ እንደሆነ ደግሞ የመኪናውን ኋላ ይጫናል።

ካራቫን የሚጎትት ቤተሰብ ከእነዚህ መንገዶች ሁሉ የሚከለክለው አንድ አለ፤ እርሱም በካራቫኑ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ሞተር ብስክሌት ማንጠልጠል ነው። ይህ የካራቫኑን አንገት ያቀልልና መወዛወዙን በገዛ እጅ መጥራት ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የሚሻለው፣ የሚጎትተው መኪና ፒክ አፕ ከሆነ፣ ሞተር ብስክሌቱን በፒክ አፑ የጭነት ሳጥን ላይ መጫን ነው። ሆኖም ያ ክብደት ከካራቫኑ አንገት ክብደት ጋራ ተደምሮ በፒክ አፑ የኋላ ጎማ ልክ ውስጥ መሆኑን በሚዛን ማረጋገጥ አይዘነጋም።

ስለ አወጣጥና ስለ አስተሳሰር

ከአደጋዎቹ ብዙዎቹ የሚደርሱት መኪናው ገና ሳይነሣ፣ ሞተር ብስክሌቱ ሲወጣ ነው። መወጣጫው አጭር የሆነ እንደሆነ ዳገቱ ይቆማል፤ ስለዚህ ረዘም ያለ መወጣጫ ይመረጣል። መወጣጫው በመኪናው ላይ በቀበቶ ወይም በሰንሰለት ካልታሰረ፣ ጎማው ሲወጣበት ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ሰውዬውንና ሞተሩን አንድ ላይ ይጥላል። በኮርቻው ላይ ተቀምጦ መውጣት የጎበዝ ሥራ ቢመስልም የሚመከር አይደለም። አንዱ መሪውን ይዞ ፍሬኑን እየጠበቀ፣ ሌላው ከጎን እየደገፈ በእግር መሄድ ይሻላል። ልጆች ከመወጣጫው ኋላ እንዳይቆሙ እናት ወይም አባት አስቀድመው ያርቋቸው።

ሞተር ብስክሌቱ ከወጣ በኋላ የፊት ጎማው በመቆንጠጫው ውስጥ ይገባል፤ ማርሹም በአንደኛ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ አራት ቀበቶዎች ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። እያንዳንዱ ቀበቶ ወደ ታችና ወደ ውጭ የሚስብ መሆን አለበት፤ ወደ ታች ብቻ የሚስብ ቀበቶ ሞተሩ ወደ ጎን እንዳይዘም አያግደውም። የፊቶቹ ቀበቶዎች የፊት እግሩን ሞላ እስከ እኩሌታው ያህል ዝቅ እስኪያደርጉት ድረስ ይጠብቃሉ። ሞላው ጨርሶ ከተጫነ ግን መንገዱ ሲያነጥረው የሚመልሰው ትርፍ አይኖረውምና ይጎዳል። ሞላው ፈጽሞ ያልተጫነ እንደሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ዝቅ ሲል ቀበቶው ይላላና መንጠቆው ይወልቃል።

የጎን መቆሚያውን ዘርግቶ ማሰር ስሕተት ነው፤ ክብደቱ ሁሉ በአንድ ቀጭን ብረት ላይ ያርፋል። ቀበቶውን በመስተዋት፣ በፕላስቲክ ክፈፍ ወይም በፍሬን ቱቦ ላይ ማሰርም እንደዚሁ አይገባም። ቀበቶው ላይ የተሰፋው ጨርቅ የሚችለውን ክብደት ይናገራል። ፀሐይ ያነጣውና ጠርዙ የተበላው ቀበቶ ግን የተጻፈው ቁጥር ምንም ቢሆን ከሥራ መውጣት አለበት።

ሞተር ብስክሌቱ የወደቀ ጊዜ ብዙ ሰው ቀበቶውን ይወቅሳል። አስተሳሰሩን ሳይመረምሩ ቀበቶውን መውቀስ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው። አዲስ የታሰረ ቀበቶ ሁሉ በመጀመሪያው መንገድ ላይ ጥቂት ይላላል። ስለዚህ ከተነሡ ከ10 ወይም ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ፣ ከዚያም በየማረፊያው መንካት ያስፈልጋል። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለዚህም ይስማማል።

ስለ ቤንዚንና ስለ እሳት

ሞተር ብስክሌታቸውን በጓዳ የሚጭኑ ቤተሰቦች ከሁሉ አብልጠው ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ነው። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ አይወጣም፤ በወለሉ ላይ ተኝቶ በስንጥቅ ሁሉ ይሄዳል። ለምድጃው የሚያገለግለው የፕሮፔን ጋዝም ከአየር ይከብዳል። በቤቱ ውስጥ ደግሞ የውሃ ማሞቂያው፣ ምድጃውና በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ እሳት አላቸው። እንፋሎቱ ወደ እሳቱ የደረሰ እንደሆነ ነገሩ የአንድ ቅጽበት ነው።

ስለዚህ ሞተር ብስክሌቱ ወደ ጓዳ ከመግባቱ በፊት ሞተሩ መቀዝቀዝ፣ የነዳጁ ክዳን መጥበቅ፣ የነዳጅ መዝጊያ ያለው እንደሆነም መዘጋት አለበት። ጋኑን ሞልቶ መጫን አያስፈልግም፤ ነዳጅ በደረሱበት ሁሉ ይገኛል። በጓዳው ግድግዳ ላይ የተሠራው የአየር መግቢያ በዕቃ እንዳይደፈን መጠበቅ፣ ትርፍ ቤንዚን በጀሪካን ይዞ ጓዳ ውስጥ አለማስቀመጥ፣ በጉዞ ላይም የጋዙን ሲሊንደር መዝጋት የሚገባ ነው። ሰፍረው ካደሩ ሞተር ብስክሌቱን አውጥቶ ከውጭ አስሮ መተኛት ይመረጣል። በጓዳው ውስጥ ሆኖ ሞተሩን ማስነሣት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የሚወጣው ጭስ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ በውስጡ አለበትና። የጭስና የጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል በየጊዜው መፈተኑም የቤቱ ባለቤት ግዴታ ነው።

በመንገድ ላይ

ጭነቱ ሲጨመር የመኪናው ጠባይ ይለወጣል። ለማቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል፤ ዳገት ይከብደዋል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይግላል። ስለዚህ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከፊት ካለው መኪና መራቅና ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባል። መኪናው ሲታጠፍ ከኋላ ተርፎ የወጣው ጭነት ወደ ተቃራኒው ጎን ሰፍቶ እንደሚዞርም መዘንጋት የለበትም፤ የአጥር ምሰሶና የቆመ መኪና የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

ተሳቢው መወዛወዝ የጀመረ እንደሆነ፣ ልብ የሚመክረው ፍሬን አጥብቆ መርገጥ ነው፤ አንዳንዱም ፈጥኖ በመሮጥ ሊያቃናው ይሞክራል። ሁለቱም ነገሩን ያብሳሉ። የሚገባው መሪውን ሳያወናጭፉ ቀጥ አድርጎ መያዝና እግርን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። ተሳቢው ለብቻው የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ከሆነ እርሱን ብቻ በጥቂቱ መያዝ ያረጋጋዋል። ከቆሙ በኋላም ጭነቱን ወደ ፊት ሳያስጠጉ ጉዞውን መቀጠል አይገባም።

የተሳቢው የጥንቃቄ ሰንሰለቶች ከአንገቱ ሥር ተጠላልፈው መታሰር አለባቸው። ጋንቾው ቢለቅ አንገቱ በሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል፤ መሬት ወግቶ አይገለብጥም። ጎማዎችንም በተመለከተ፣ ተሳቢ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ስለሚኖር ጎማው የሚያልቀው በሩጫ ሳይሆን በዕድሜ ነው። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ምልክት መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። ለምሳሌ 2319 የሚል ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ መተማመኛ አይሆንም።

ሥራውን በቤተሰብ ስለ መከፋፈል

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ቢተው አንዱ ነገር መረሳቱ አይቀርም። ስለዚህ በየመነሻው የሥራው ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ በበሩ ላይ ቢለጠፍና ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ቢሰጠው መልካም ነው። አንዱ ቀበቶዎቹን ይነካል፤ ሌላው የጎማውን ነፋስ ይለካል፤ ሦስተኛው ነጂው ፍሬን ሲይዝና ፍሬቻ ሲያበራ ከኋላ ቆሞ መብራቶቹን ያያል። ይህን የመጨረሻውን ሥራ ለአቅመ ጥንቃቄ የደረሰ ልጅ ሊሠራው ይችላል። ልጁም በዚሁ ከቤተሰቡ ደኅንነት የራሱ ድርሻ እንዳለው ይማራል።

ሐሳባችንን ለማጠቃለል ያህል፣ ቤተሰቡ ከመነሣቱ በፊት አምስት ጥያቄዎችን ለራሱ ያቅርብ።

1ኛ/ ሰውና ጓዙ ሁሉ ተጭኖ መኪናው በሚዛን ላይ ወጥቷልን?

2ኛ/ የፊቱና የኋላው ጎማ እያንዳንዳቸው በልካቸው ውስጥ ናቸውን?

3ኛ/ አራቱ ቀበቶዎች ወደ ታችና ወደ ውጭ ይስባሉን?

4ኛ/ መብራቶቹና ታርጋው ከኋላ ለሚመጣው ሰው ይታያሉን?

5ኛ/ ነዳጁና ጋዙ ተዘግተዋልን?

ለአምስቱም ጥያቄ «አዎን» ብሎ መመለስ የቻለ ቤተሰብ በደስታ ይጓዝ። ለአንዱ እንኳ «አላውቅም» የሚል ቢሆን ግን መነሻውን ግማሽ ቀን ማዘግየት ይሻለዋል። ሒሳቡ ሠርቶ ሞተር ብስክሌቱ ከልክ በላይ ሆኖ የተገኘ እንደሆነም ማዘን አይገባም። ቀለል ያለ ሞተር መምረጥ፣ ተሳቢ መከራየት፣ ወይም ከደረሱበት ከተማ ሞተር ብስክሌት መከራየት ይቻላል። የጉዞው ዓላማ ቤተሰቡ አብሮ ወጥቶ አብሮ እንዲመለስ ነውና፣ ከጭነቱ አንዱን መተው ከዚህ ዓላማ ጋራ አይጣላም። መልካም መንገድ እንመኛለን።